የሁለንተናዊ አገልግሎት ፈንድ (ሱዳን)

የሁለንተናዊ አገልግሎት ፈንድ የቴሌኮም ኩባንያዎች አትራፊ አይደሉም ብለው የሚተዋቸውን የገጠር አካባቢዎች በስልክና በኢንተርኔት ለማዳረስ የሚውል የሕዝብ ገንዘብ ነው። በሱዳን የሐሳቡ መነሻ የዘርፉ ለውጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የቴሌኮም ኩባንያው ሱዳቴል፣ በ1996 ደግሞ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተቋቋሙ። የኮርፖሬሽኑ ኃላፊነት በ2018 ወደ ቴሌኮሙኒኬሽንና ፖስታ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተላልፏል።

እንዲህ ያለው ፈንድ በአብዛኛው ከኩባንያዎች ገቢ በሚቆረጥ መዋጮ ይቋቋማል፤ ድጎማውም ብዙ ጊዜ በጨረታ ዝቅተኛውን ለጠየቀ ይሰጣል። አስቸጋሪው ክፍል ክትትሉ ነው፦ የኔትወርክ ምሰሶው ከተተከለ በኋላም ነዳጅ፣ ጥገናና ጥበቃ ይፈልጋል። በሱዳን በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ይህን ችግር አባብሶታል፤ በየካቲት 2024 የአገሪቱ ኔትወርክ በሰፊው ተቋርጧል።