የሳይነስ ቀዶ ሕክምና አመጣጥ

የኒውዮርኩ ጆርጅ ካልድዌል በ1893 እ.ኤ.አ.፣ የፓሪሱ ሄንሪ ሉክ ደግሞ በ1897፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ የላይኛውን ከንፈር ገልጠው የላይኛውን መንጋጋ አጥንት በመብሳት ከሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ካለው አየር ያዘለ የአጥንት ክፍተት፣ መግል የሚያስወጡበትን ዘዴ አስተዋወቁ፤ የታመመው ስስ ሽፋንም አብሮ ይፋቅ ስለነበር፣ ብዙ ሕመምተኞች በፊት እብጠትና በከንፈር መደንዘዝ ይሠቃዩ ነበር።

የታመመው ሽፋን መወገድ አለበት የሚለውን አስተሳሰብ ከሥሩ የለወጠው በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ የሠራው ሐኪም ቫልተር ሜሰርክሊንገር ነው። ሲሊያ የሚባሉት ረቂቅ ጸጉር መሰል አካላት ንፍጡን ዘወትር ወደ ተፈጥሯዊው ቀዳዳ እንደሚገፉ፣ ሐኪም ሌላ መውጫ ቢከፍት እንኳ አቅጣጫቸውን እንደማይለውጡ በትዕግሥት ተከታትሎ አሳየ፤ ይህም ከየትኛውም የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የላቀ ግኝት ነው፤ ምክንያቱም የቀዶ ሕክምናው ዓላማ ሽፋኑን ማስወገድ ሳይሆን የተዘጋውን መንገድ መክፈት ሆነ።

ብሪታንያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ የነደፈው ሌንስ ያለው ኢንዶስኮፕ፣ ማለትም በአፍንጫ ቀዳዳ የሚገባ ቀጭን መመልከቻ፣ የሜሰርክሊንገርን ሐሳብ በተግባር ላይ ለማዋል አስቻለ። ዛሬ አብዛኛው ሕመምተኛ ፊቱ ሳይቀደድ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሆኖም ለቀናት አፍንጫው ይታፈናል፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽም ይወጣዋል፤ በጨው ውኃ ማጠብና ለክትትል ወደ ሐኪም መመለስም የሕክምናው ክፍል ናቸው። ፖሊፕ የሚባለው የአፍንጫ ውስጥ እባጭ ያለበት ሰው ግን እባጩ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መድኃኒት መውሰዱን መቀጠል ይኖርበታል።