ደቦው ራሱ ሲታመም
የፎገራ ድሃ በወረርሽኝ ጊዜ ከመንግስት ምን አገኘ?

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ፎገራ ላይ አንድ ገበሬ በአጨዳ ሰሞን ቢታመም ሰብሉ ሜዳ ላይ አይቀርም። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ያጭድለታል፣ ይወቃለታል። ዘመድ ለመድኃኒት ያበድረዋል። ክፉ ቀን ከመጣም እድሩ አለ። ይህ ሥርዓት ካየናቸው መንግስታት ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። አንድ ድክመት ግን አለው፤ የሚሠራው አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሲሆን ነው። በየቤቱ በሽተኛ ሲተኛ የሚያጭድ የለም፣ የሚያበድር የለም። ደቦው ራሱ ይታመማል።

የመንግስት ድጋፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ታዲያ መንግስት በዚህ ሜዳ ላይ በክፉ ቀን ለድሃው ምን አደረገ? ታሪኩን ከወባ እንጀምር።

▪️ 1950 ዓ.ም. እና ወባ

በ1945 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ ሜዳ የተነሳ ወባ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ብዙም ሳይቆይ የተቋቋመው በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ፣ ከዚያ የባሰ መጣ። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህል ሞተ። ወረርሽኙ የበረታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነበር፤ ማለትም ሕዝቡ ወባን በማይለምድበት ደጋና ወይና ደጋ። ወረታ የተቆረቆረችው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

መንግስት በቀጣዩ ዓመት ወባ ማጥፊያ ድርጅትን አቋቋመ፤ የዲዲቲ ርጭት ዘመን ተጀመረ። ትልቅ ሥራ ነበር፣ ማንም አይክደውም። ግን ልብ በሉ፤ መልሱ ያተኮረው ትንኟ ላይ ነው። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሰብል በሚደርስበት ወቅት ነው። ከወባው የተረፈው ሰው እህሉ ረግፎ፣ በሬው ተሽጦ ሲነሳ ማን ይደግፈዋል የሚለው ጥያቄ እንደ ድሮው ለዘመድ ተተወ። ዘመዱም ታሞ ነበር።

▪️ 1997 ዓ.ም. እና ካላዛር

ግንቦት 1997ን ሁላችንም የምናስታውሰው በምርጫው ነው። የአገሩ ጆሮ በሙሉ ድምፅ ቆጠራ ላይ በነበረበት በዚያው ወር፣ ከወረታ በስተሰሜን በሊቦ ከምከም ወረዳ መድኃኒት አልበገር ያለ ወባ የመሰለው በሽታ ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። በሽታው ፎገራንም አዳርሷል። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው፤ የሚያስተላልፈው አሸዋ ዝንብ ነው። ወደ ደጋው ያመጡት ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም።

አዲስ ዘመን ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በከፈቱት ማዕከል በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታከመ። ከአራቱ ታካሚዎች ሦስቱ ወንዶች ነበሩ፤ ግማሾቹ ደግሞ ከ18 ዓመት ያልበለጡ። የቤቱ ጉልበት ማለት ነው። ሕክምናው በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ለ30 ቀን ነበር። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥም ወር ሙሉ የተኛ ልጅና ወር ሙሉ አብራው የከረመች እናት ለቤቱ ምን ያህል እንደሚያጎድሉ ገበሬ ያውቀዋል።

የሚገርመው ግጥምጥሞሽ፣ ሴፍቲኔት የምንለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም የተጀመረውም በዚያው በ1997 ነው። መነሻው 13 ሚሊዮን ያህል ሰው እርዳታ የጠበቀበት የ1995ቱ ድርቅ ነበር። ስለዚህ መረቡ የተዘረጋው በረሃብ ካርታ ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር እነ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ገቡ። ፎገራ ግን ሩዝ ያላት፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጧት፣ “ትርፍ አምራች” ወረዳ ነች።

ለፍትሕ ያህል፣ ምርጫው በራሱ መለኪያ ስህተት አልነበረም። የጋይንት ረሃብ እውነት ነው፤ ገንዘቡም ውስን ነው። ነገር ግን ወረዳ ሀብታም ሲባል የወረዳው ድሃ አብሮ ሀብታም አይሆንም። መሬት አልባው ወጣት፣ በእኩል የሚያርሰው፣ ባሏ የሞተባት እናት በሀብታም ወረዳ ውስጥ ከስሌት ውጭ ሆኑ። ወደ ሁመራ የሚወርደውም እንደነዚህ ያለው ነው።

▪️ 2003 ዓ.ም. እና ጤና መድን

ከዚያ በኋላ ፎገራ ትልቅ ዕድል አገኘች። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ነበሩ፤ ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና ፎገራ። አባወራው በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው “የድሃ ድሃ” ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል። ማን የድሃ ድሃ እንደሆነ የሚለየው በቀበሌ፣ ሕዝቡ ባለበት ነው።

በእኔ እምነት በዚህ ሜዳ ታሪክ መንግስት ለድሃ ቤተሰብ ካደረጋቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው። ድሮ ድሃ የሚታከመው ከታመመ በኋላ የነፃ ወረቀት ለማግኘት የቀበሌ በር ላይ ቆሞ ነበር። አሁን ስሙ የሚጻፈው ሳይታመም ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ሁለት ጉድለቶች ግን አሉት። አንደኛ፣ መድኑ የሚከፍለው ለጤና ተቋሙ ነው፤ ለጠፋው የሥራ ቀን፣ ለትራንስፖርትና ለአስታማሚ እንጀራ አይከፍልም። ሁለተኛ፣ በነፃ የሚገቡት ቁጥር በበጀት የተገደበ ስለሆነ ዘንድሮ የደኸየው ሰው መዝገቡ ላይ የለም።

▪️ 2012 ዓ.ም. እና ኮሮና

መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሥራው ቀርቶላቸው የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተሰጣቸው። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ችግሩ ፕሮግራሙ ያኔ በ11 ከተሞች ብቻ መኖሩ ነው፤ ከአማራ ክልል ደሴ ብቻ።

ወረታ የመንገድ ከተማ ነች። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ እዚያ ይገናኛል። አውቶቡስ በግማሽ ወንበር ሲጭን ጫኝና አውራጁ፣ ሻይ ሻጯ፣ ሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ ሥራ የሚጠብቀው ሁሉ ገቢው ይቀንሳል። ለእነዚህ የቀረው ማዕድ ማጋራት ነበር። ማዕድ ማጋራት የተከበረ ባህላችን ነው፤ ግን እሱም ደቦ ነው፤ የሚያጋራው ሲደክም ያልቃል።

በዚያው ሰሞን ምዕራብ አፍሪካዊቷ ቶጎ ለቀን ሠራተኞቿ በእጅ ስልክ ገንዘብ ላከች። የድሆች መዝገብ አልነበራትም፤ የተጠቀመችው የመራጮችን መዝገብ ነው። እኛ ደግሞ ፎገራን በመሰሉ ወረዳዎች በቀበሌ የተለየ የድሃ ድሃ ስም ዝርዝር ነበረን። ያ ዝርዝር ከጤና ጣቢያው በር አልፎ የገንዘብ ድጋፍ መንገድ አልሆነም።

▪️ ዛሬስ?

ጉዳዩ የድሮ ታሪክ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። የአማራ ክልል ድርሻ 18 በመቶ ያህል ነው። ከአያቶቻችን ዘመን ጋር ሲነጻጸር የሞቱ ቁጥር እጅግ ዝቅ ብሏል፤ መድኃኒት ሠርቷል። ከበሽታው ቀጥሎ የሚመጣው ድህነት ግን አሁንም የቤተሰቡ የግል ጉዳይ ነው፤ ግጭቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይከብዳል።

ከ1950 እስከ 2012 አንድ ነገር ይደጋገማል። መንግስት በክፉ ቀን የሚደርሰው አስቀድሞ ስሙን ለጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በጤናው ቀን ነው። የጤና መድኑን የድሃ መዝገብ በየዓመቱ ማደስ፣ መዝገቡን ወረርሽኝ ሲታወጅ ለገንዘብ ድጋፍ ክፍት ማድረግ፣ “ትርፍ አምራች” የሚለውን ስም ከወረዳው ላይ አንስቶ በየቤቱ ማየት። አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም፤ መዝገቡ ቀበሌ ቢሮ ውስጥ አለ።

እናንተ አካባቢ የድሃ ድሃ ተብሎ የሚመዘገበው ማነው? የሚቀረውስ? ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩልን። ቸር እንሰንብት።