ፋየርዎል፦ የመረቡ ዘበኛ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ፕሮግራም በሰዓታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ሽባ አደረገ። እስከዚያ ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚተማመኑ ተመራማሪዎች ሰፈር ነበር፤ በሩን የሚቆልፍ ጥቂት ነበር።

ይህን በር እንዲጠብቁ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፋየርዎሎች ሥራ ቀላል ነበር። መረቦችን የሚያገናኘው ራውተር የእያንዳንዱን ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) መነሻ፣ መድረሻና የፖርት ቁጥር አይቶ ወይ ያሳልፋል ወይ ይጥላል። ያለፈውን ግን አያስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1994 የእስራኤሉ ቼክ ፖይንት ለገበያ ያቀረበው «ፋየርዎል ዋን» ግንኙነቱን ከመነሻው ይከታተላል፦ ከውስጥ ለተላከ ጥያቄ የመጣ መልስ ይገባል፣ ያልተጠራ ይመለሳል።

የፋየርዎል ደንቦች በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ ቀድሞ የገጠመው ይሠራል። «ሁሉም ይለፍ» የሚል መስመር ከላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ያለው ክልከላ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የሚያስፈልገውን ብቻ ለይቶ ይፈቅድና ዝርዝሩን «የቀረው ሁሉ ይከልከል» ብሎ ይዘጋል።

ጥሩ ደንብም መተላለፊያ ከተገኘለት አያድንም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ዓለምን ያዳረሰው ስላመር የተባለ ትል (ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም) የሚገባው በዩዲፒ ፖርት 1434 ነበር። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የዴቪስ ቤሲ የኑክሌር ጣቢያ ፋየርዎል ይህን ፖርት ዘግቶ ነበር። ትሉ ግን ፋየርዎሉን ሳይነካ ከአንድ ኮንትራክተር መረብ በተዘረጋ ሌላ መስመር ዘለቀ። የደኅንነት መረጃ ማሳያው ለአምስት ሰዓት ያህል ተቋረጠ፤ ደግነቱ ማብላያው ቀድሞውኑ ቆሞ ነበር። ማይክሮሶፍት ትሉ የተጠቀመበትን የሶፍትዌር ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ ካወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር፤ ጣቢያው ግን አልጫነውም።