አሮጌ ተሽከርካሪን ፈትቶ ለመለዋወጫና ለብረት ማዋል፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ

በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ጥግ ጎማቸው ተንፍሶ ለዓመታት የሚቆሙ ተሽከርካሪዎች በመዝገብ ላይ ንብረት፣ በመሬት ላይ ግን በየክረምቱ ዋጋቸው የሚቀንስ ብረት ናቸው። አንድ ተሽከርካሪ ከጥገና በላይ መሆኑ ከታወቀ በኋላ መቼ እንደሚወገድና በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈታ መወሰኑ ከንብረቱ የሚገኘውን ጥቅም ይወስናል። ጉዳዩ ከማዕከል ርቀው በሚገኙ ደጋማ ዞኖች የበለጠ ክብደት አለው።

ከአንድ መኪና ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብረት ነው። 2 ቶን የሚመዝን የመስክ መኪና ቢፈታ 13 ኩንታል ገደማ ብረት ይገኝበታል። ይሁን እንጂ ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሲሆን፣ ከደብረ ታቦር እስከዚያ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማጓጓዣው ወጪ ከብረቱ ዋጋ ላይ ተቀንሶ የሚተርፈው አነስተኛ በመሆኑ፣ ለደብረ ታቦር ገዢ ዋናው ጥቅም ያለው በመለዋወጫው ነው። ቁርጥራጩ የመጨረሻ ድርሻ ነው።

ከባድ ብረትን ከዚህ ደጋ ማውጣት አስቸጋሪ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። መድፉ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጓዘው በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተና መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገ ሲሆን ጉዞው ወራትን ፈጅቷል። ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ዳገቱንና ርቀቱን ግን አላስቀረም።

በጨረታ የሚሸጥ አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው አቅም ከባድ ስለሚሆን፣ ጥቂት ባልንጀሮች ገንዘብ አዋጥተው በሽርክና ይገዙታል። አንዱ መካኒክ፣ ሌላው በያጅ፣ ሌላው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ሞተሩንና ካምቢዮውን ማን እንደሚወስድ ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት በጽሑፍ ካልተስማሙ፣ ሥራው የሚጠናቀቀው በጠብ ነው። የሙያው ቋንቋ ራሱ ታሪክ አለው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሊስትራ፣ ቸርኬና ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይነገራሉ።

አፈታቱ የሚጀምረው ባትሪውን በማንሳት ነው። ቀጥሎ ነዳጁ፣ የሞተር ዘይቱና የፍሬን ዘይቱ በተዘጋጀ ዕቃ ይቀዳሉ። ከዚያ በኋላ ጎማ፣ መብራት፣ ዳይናሞ፣ ሞተሪኖና ራዲያተር ይወርዳሉ፤ ሞተርና ካምቢዮ በካቴና ይነሳሉ። ጋቢናውና ሻንሲው የሚቆረጡት በመጨረሻ ነው። በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ነዳጁ የተቀዳ ታንከርም ውስጡ በቀረው ጋዝ ምክንያት በእሳት ሲቆረጥ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ከሙሉ ታንከር የበለጠ እንጂ ያነሰ ጥንቃቄ አያስፈልገውም። በአሮጌ ሞዴሎች የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙን በአየር ግፊት መንፋት አይገባም።

ከተፈታው ዕቃ የሚጣለው ጥቂት ነው። የሚሠራ መለዋወጫ በአካባቢው ጋራዦች ገዢ ካላገኘ በአዲስ አበባ መርካቶ ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። የባሊስትራ ብረት ጠንካራ በመሆኑ ቀጥቃጮች ማረሻ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይሠሩበታል፤ ለፋርጣ ወይም ለእስቴ ገበሬ ይህ ከመኪናው ሁሉ የቀረበ ጥቅም ነው። አሮጌ ጎማ በረባሶ ይወጣዋል። ላሜራው ለምድጃና ለበር ይሆናል። አልሙኒየሙ ቀልጦ ድስት የሚሠራበት አጋጣሚ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ከሞተር አካላት የተገኘ አልሙኒየም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በምግብ አማካይነት ጤናን ይጎዳል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ባትሪውና የተቃጠለው ዘይት ነው። ባትሪ በአብዛኛው እርሳስ ሲሆን ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። በመኖሪያ ግቢ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ስለሚፈስሱ፣ በዚህ ደጋ መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ሊደርስ ይችላል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቶለታል።

የፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1333 ወጥቷል። የክልል መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በየክልላቸው ሕግ ነው። በተግባር ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ግን ከሽያጩ በፊት ነው፤ ባትሪው ዛሬ፣ ጎማው ነገ ለሌላ መኪና እየተባለ ሳይመዘገብ ይወሰድና ለጨረታ የሚቀርበው ባዶ አካል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተሽከርካሪው በቆመበት ዕለት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ እንዲሁም በላዩ ያለው ዕቃ በዝርዝር መመዝገብ፣ ለሌላ የተዛወረውም በሰነድ መያዝ ይኖርበታል። ሰሌዳው ተመልሶ ምዝገባው ካልተሰረዘ፣ የተፈታ መኪና ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር በተሰረቀ መኪና ላይ ሊውል ይችላል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ወደ ሀገር የሚገቡበትን ወጪ አንሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። በሥራ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት መለዋወጫ የሚፈልጉ በመሆናቸው፣ በየግቢው የቆሙት ዛሬ ገዢ አላቸው። ዝናብ የገባበት ሞተር ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠው በኪሎ ነው።