ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ጠርሙስ ዘመኑ እንዴት እንደሚታወቅ

ከመሬት ተቆፍሮ አሮጌ ጠርሙስ በወጣ ጊዜ፥ ያገኘው ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው በላዩ የተቀረጸ ጽሕፈት ነው። ጽሕፈቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው የፋብሪካውን ወይም የነጋዴውን ስም ብቻ ነው፤ አንዳች ፊደል የሌለበትም ጠርሙስ ብዙ ነው። ስለዚህ ዘመኑን ለማወቅ የሚሻ ሰው ጠርሙሱ እንዴት እንደ ተሠራ መመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው በተለይ በእንግሊዝና በአሜሪካ ስለ ተሠሩት ነው፤ ዓመታቱም የተቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን ነው።

ምርመራው ከመቀመጫው ይጀምራል። ጠርሙስ በሰው ትንፋሽ እየተነፋ በሚሠራበት ዘመን፥ ሠራተኛው አንገቱን ከመንፊያው ቱቦ ለይቶ አፉን እስኪያበጅ ድረስ መቀመጫውን በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ አጣብቆ ይይዘው ነበር። ዘንጉ ሲላቀቅ ሻካራ ጠባሳ ይቀራል። ከ1850ዎቹ ወዲህ ግን የጠርሙሱን አካል የሚያቅፍ መያዣ ብረት እየተለመደ ስለ መጣ፥ ጠባሳው ከተራው ጠርሙስ ላይ እየጠፋ ሄደ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል ኦወንስ በአሜሪካ በቶሌዶ ከተማ ያለ ሰው ትንፋሽ ጠርሙስ የሚሠራ መኪና ለሥራ አበቃ። ይህ መኪና የቀለጠውን መስተዋት ስቦ ሲቈርጥ፥ በመቀመጫው ላይ ብዙ ጊዜ ከመካከል ፈቀቅ ያለና ጠርዙ ላባ የሚመስል ክብ ምልክት ይተዋል።

በጠርሙስ ሰብሳቢዎች ዘንድ አንድ ደንብ ሲነገር ይሰማል፤ የፎርማው መጋጠሚያ መስመር ወደ አፉ በቀረበ መጠን ጠርሙሱ ለእኛ ዘመን የቀረበ ነው ይባላል። ደንቡ መነሻ የለውም አይባልም። በትንፋሽ የተነፋው ጠርሙስ አፉ የሚበጀው በመጨረሻ ስለ ሆነ መስመሩ ከከንፈሩ በታች ይቆማል፤ በመኪና የተሠራው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀረጸው አፉ ነውና መስመሩ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ይዘልቃል። ይሁን እንጂ ደንቡን በደፈናው መቀበል ወደ ስሕተት ያገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ብዙ የወይን ጠጅ ጠርሙሶች በረጠበ ፎርማ ውስጥ እየተሽከረከሩ ይነፉ ስለ ነበር መስመራቸው ፈጽሞ ተፍቋል። መስመር የለውም ብሎ የሚፈርድ ሰው እንዲህ ያለውን ጠርሙስ በመቶ ዓመት ያስረጀዋል። ገላውን ወደ ብርሃን አዙሮ ቢያየው ግን፥ ዙሪያውን የሚከቡትን ቀጫጭን አግድም ጭረቶች ባገኘ ነበር። በአንጻሩም አፈ ሰፊ የሆኑ አንዳንድ ማሰሮ መሰል ጠርሙሶች በትንፋሽ ተነፍተው አፋቸው በመሞረድ ስለ ተስተካከለ፥ መስመራቸው እስከ ጫፍ ይደርሳል።

ስለ ቀለም የምለው ጥቂት ነው። መስተዋቱን ለማጥራት ማንጋኒዝ የተጨመረበት ጠርሙስ ለብዙ ዘመን ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ ይሆናል። መሬት ውስጥ ፀሐይ የለምና፥ ሐምራዊ ሆኖ ከጉድጓድ የወጣ ጠርሙስ ሳይቀበር በፊት በሜዳ ላይ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን በጨረር ቀለሙን የሚለውጡ ሻጮች ስላሉ፥ ከገበያ በተገዛው ላይ ይህ ምስክርነት አይጸናም።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር ሌላ ነው። ጠርሙሱ የተሠራበት ዘመን የተቀበረበት ዘመን አይደለም። በአሜሪካ ከ1935 እስከ 1964 ዓ.ም. በብርቱ መጠጥ ጠርሙሶች ላይ፥ ጠርሙሱን መሸጥም ሆነ መልሶ መገልገል በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ይቀረጽ ነበር፤ ባዶውን መልሶ መሙላት ባይለመድ ኖሮ ክልከላው ባላስፈለገም። በእኛም አገር ከውጭ የመጣ ጠርሙስ መጠጡ ካለቀ በኋላ ለአረቄ፥ ለዘይት፥ ለላምባ ሲያገለግል ይኖራል። እንግዲህ በአንድ የአፈር ድርብ ውስጥ የተገኘ ጠርሙስ የሚመሰክረው፥ ያ ድርብ ሳይነካ የቆየ ከሆነ፥ ጠርሙሱ ከመሠራቱ በፊት ያልተከመረ መሆኑን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንዳለፈ የሚታወቀው አብረውት ከወጡት ከሸክላው ስብርባሪ፥ ከገንዘቡና ከቆርኪው ነው። ለዚህ ነው ጠርሙሱን ብቻ አውጥቶ፥ አጥቦ፥ ጥልቀቱን ሳይጽፍ በመደርደሪያ ላይ የሚያኖር ቆፋሪ የጉድጓዱን ታሪክ የሚያጠፋው።