መለወጫ የጠፋለት መኪናና የሽማግሌዎች እጅ

የሰው ልጅ በጥበቡ ከሠራቸው መሣሪያዎች ሁሉ የማያረጅና የማይሰበር አንድ ስንኳ እንደሌለ የታወቀ ነው። ማረሻ ሲዶለዱም ባላገሩ ወደ መንደሩ ቀጥቃጭ ይወስደዋል፤ ቀጥቃጩም በወናፉ አግሎ በመዶሻው አሹሎ ይመልስለታል። ከባሕር ማዶ የመጣ መኪና የተሰበረ እንደ ሆነ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። የሠራው ፋብሪካ በሩቅ አገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ያንን ዓይነት መኪና መሥራት ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዚህን ጊዜ ለመኪናው ባለቤት የሚቀርለት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ መኪናውን ጥሎ ሌላ መግዛት፣ ወይም የጎደለውን ዕቃ በገዛ እጁ መሥራት።

ለዚህ ለማኅበራችን መታሰቢያ መጽሐፍ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ብዙዎች እንደሚሆኑ በማሰብ፣ እኔ ሁለተኛውን ምርጫ ስለ ያዙ ሠራተኞች ጥቂት ለመናገር ወደድሁ። ታሪኩ የምጽዋና የአስመራ ምድር ባቡር ታሪክ ነው። ዓመታቱን የጻፍኋቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢጣልያኖች ከምጽዋ ተነሥተው ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል በነሡአቸው በዚያው በ1887 ዓመት ነው። ሐዲዱ አስመራ የደረሰው ግን በ1911፣ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ነበር። የሁለቱ ከተሞች ርቀት በሐዲዱ መንገድ 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ባቡሩ በጊንዳዕና በነፋሲት አልፎ፣ ገደሉን እየዞረ፣ ዋሻውን እየሰነጠቀ፣ ከባሕር ዳርቻ እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ድረስ መውጣት አለበት። የሐዲዱም ስፋት 950 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠባብ ሐዲድ ነው።

ለእንዲህ ያለው ዳገትና ጠመዝማዛ መንገድ ተራ ሎኮሞቲቭ አይበቃም። ስለዚህ ማሌ በሚባለው ሥርዓት የተሠሩ ሎኮሞቲቮች መጡ። ይህንን ሥርዓት ያወጣው በስዊስ አገር የተወለደው መሐንዲስ አናቶል ማሌ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም ያገኘው በ1884 ነበር። በዚህ ሥርዓት መንኰራኵሮቹ በሁለት ክፍል የተከፈሉ ናቸው፤ የኋላው ክፍል ከመኪናው አካል ጋር ተጣብቆ ሲኖር የፊተኛው እንደ በር ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ ይላል። እንፋሎቱም በኋለኞቹ ጠባብ ሲሊንደሮች ኃይሉን ከሰጠ በኋላ ወደ ፊተኞቹ ሰፋፊ ሲሊንደሮች ሄዶ ሁለተኛ ይሠራል። በአስመራ መንገድ ከሠሩት ከእነዚህ ሎኮሞቲቮች መካከል አንዳንዶቹን በ1938 የሠራቸው የኢጣልያው አንሳልዶ ፋብሪካ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት ባቡሩ ቆመ። ሐዲዱ ተነቅሎ፣ ከሥሩ የሚነጠፈውም ብረት ተወስዶ የምሽግ መሥሪያ ሆነ። ሎኮሞቲቮቹም በያሉበት ዝገት ይበላቸው ጀመር። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ መንገዱን እንደ ገና ለመሥራት በታሰበ ጊዜ፣ የውጭ አገር ኩባንያዎች የጠየቁት ዋጋ የሚቻል ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ በጡረታ የተቀመጡት አሮጌ ሠራተኞች ተጠሩ። ከእነርሱም መካከል ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ፣ ሰማንያም የሞላቸው ነበሩ። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተለቀመ፤ የአስመራው የጥገና ፋብሪካ እሳትም እንደ ገና ነደደ። በ2003 ባቡሩ ከምጽዋ አስመራ ደረሰ።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት በራሴ የደረሰውን ልናገር። በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ውሃ የሚስብ አንድ አሮጌ ሞተር ነበረ። መለወጫው ከገበያ የጠፋ ስለ ሆነ፣ ዕጩ መምህራኑ ያለቀውን የነሐስ ኩሽኔታ ለክተው በቶርኖ ቤት እንዲያሠሩ አዘዝኋቸው። እነርሱም በጥንቃቄ ለክተው አሠርተው አመጡ። ሞተሩ ግን በማግሥቱ እንደ ቀድሞው ይንኳኳ ጀመር። አንድ በጡረታ ያሉ መካኒክ ተጠርተው መጡና ሁለቱን ኩሽኔታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ከተመለከቱ በኋላ፣ «መምህር፣ ይህ አዲስ ዕቃ አይደለም፤ አሮጌውን ነው መልሳችሁ የወለዳችሁት» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበረ። ያለቀ ዕቃ የሚለካ ሰው ማለቁንም አብሮ ይቀዳልና። እርሳቸው ኩሽኔታውን ትተው በውስጡ የሚዞረውን ብረት ለኩ፤ ጫፉም ላይ ያልተበላውን ሥፍራ ፈልገው የቀድሞውን መጠን አገኙ። ሞተሩም ሠራ።

እንግዲህ በአንድ ኩሽኔታ ይህ ከሆነ፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላው በቀረበ ሎኮሞቲቭ ምን ይሆን? ሲሊንደሩ በፒስቶኑ መመላለስ ተበልቶ ክብነቱን ያጣል፤ ስለዚህ በቶርኖ እንደ ገና ይፋቃል። በተፋቀም ቍጥር ስለሚሰፋ፣ የአንዱ ሎኮሞቲቭ ፒስቶን ለወንድሙ አይሆንም። መንታ ሆነው የተወለዱት መኪናዎች በእርጅናቸው እየራሳቸው መልክ ይይዛሉ። የፒስቶኑ ቀለበት ከጊዛ ሲሠራ ከሲሊንደሩ ጥቂት ሰፋ ተደርጎ ይቀረጻል፤ ከዚያም ከጎኑ ትንሽ ተቈርጦለት ተጨምቆ ይገባል፤ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ለመመለስ ሲታገልም ሲሊንደሩን አጥብቆ ይይዛል፤ እንፋሎትም አያሾልክም። ቀልጦ የሚፈስሰው ጊዛ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ስለሚቀንስ፣ 500 ሚሊ ሜትር ለሚሆን ዕቃ በአሸዋ የሚታተመው የእንጨት አምሳያ 505 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህን የማያውቅ አናጢ ዕቃውን ገና ሳይሠራው ያበላሸዋል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ይገኛል፤ ነገር ግን የጋለው ብረት የቱን ቀለም ሲይዝ መዶሻ እንደሚያርፍበት ዓይንና እጅ እንጂ መጽሐፍ አያስተምርም።

ይህ ጥበብ የአስመራ ብቻ አልነበረም። በ1902 ሐዲዱ ሲደርስባት የተቈረቈረችው ድሬዳዋም የምድር ባቡሩ ፋብሪካ ስለ ነበረባት ብዙ የብረት ሠራተኞችን አፍርታለች። ሆኖም በአገራችን የብረት ሠሪ ክብር ዝቅተኛ ሆኖ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም.፣ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነቀፋው ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ጠይብ እየተባለ የተናቀው ሰው ልጁን ካላስተማረ፣ ሌላውም ልጁን ወደ እርሱ ካልላከ፣ ጥበቡ ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

የትምህርት ቤታችንን ሞተር የጠገኑት ሽማግሌ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ቀን ስንኳ ዕጩ መምህራኑን ይዤ ወደ ቤታቸው አልሄድሁም፤ የሚያውቁትንም አልጻፍሁላቸውም። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ በር የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፤ የአስመራው ባቡር የተነሣው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ስለ ተጠሩ ነው። ዐሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ቶርኖው ይገኝ ነበር፤ ብረቱም ይገኝ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ግን ባልተገኘ ነበር። በየምናስተምርበት ከተማ የወፍጮ ጠጋኝ፣ የሰዓት ሠሪ፣ የፓምፕ መካኒክ የሆነ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ደብተርና እርሳስ ያስያዝናቸውን ልጆች ወደ እርሱ ደጅ ብንመራቸው፣ እርሱም ደስ ይለዋል፤ እኛም የመምህርነት ዕዳችንን ከፊሉን እንከፍላለን።