ልዋጭ የወሰደው ሸክላ

እናንተዬ፣ ዛሬ ስለ ሙዚቃ ላወራችሁ ነው። ምን ዓይነቱን ብትሉ… የባሮክ ኮንቸርቶ! (አትሳቁ እንጂ! መርካቶ ያደገች ልጅ ምን ቆርጧት ባሮክ ታደምጣለች አትበሉኝ።) ቆዩኝማ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከቤታችን ነው።

አባባ በአንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ነበረው። አብዛኞቹ የአማርኛ ዘፈኖች ናቸው። ከመካከላቸው ግን አንድ ትልቅ፣ ሽፋኑ ላይ ቫዮሊን ያለበት የቪቫልዲ ሸክላ ነበር። እሑድ እሑድ ያንን ያስቀምጥና እኔ ስለፈልፍ «ዝም በይ፣ አዝማቹ ሊመለስ ነው» ይለኛል። አባባ ባረፈ በዓመቱ ቤቱ ሲጸዳ እማዬ ካርቶኑን ከአሮጌ ኮትና ጫማ ጋር ለልዋጭ ሰጠችው። በምን ለወጠችው? በአንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ!

አልፈርድባትም። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ባልዲ ደግሞ ያስፈልጋል። እኔ ግን ምናለሽ ተራ ወርጄ የአሮጌ ዕቃ ክምር ሳገላብጥ ዋልኩ። የተሰበረ ሬዲዮ አለ፣ የስልክ ቀፎ አለ፣ ሸክላው የለም። ማታ ተስፋ ቆርጬ በስልኬ ቪቫልዲን ፈልጌ የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ።

መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ሁሉ በአንድነት አንድ ዜማ ይዘው ይገባሉ። ከዚያ ገለል ይሉና አንዱ ቫዮሊን ብቻውን ይወጣል፤ ይሮጣል፣ ያለቅሳል፣ ይቀልዳል። ደህና ርቆ ሄደ ስትሉ ሁሉም ያንን የመጀመሪያ ዜማ ይዘው ከተፍ! ለካ አባባ እውነቱን ነው፤ አዝማች ነው! ጣሊያኖቹ «ሪቶርኔሎ» ይሉታል፣ «ተመላሽ» እንደማለት። ዘፋኙ ግጥሙን ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ አዝማቹን ይመልሳሉ። ይህን ለመረዳት የእኛ አገር ሰው ሌላ አስተማሪ ምን ያደርግለታል?

ዘመኑም ቢሆን ሩቅ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1721 ጎንደር ላይ አፄ በካፋ ሲነግሡ፣ በዚያው ዓመት ጀርመን አገር ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ስድስት ኮንቸርቶዎች በንጹሕ ገልብጦ ለብራንደንቡርጉ መስፍን ገጸ በረከት አቀረበ። (ባኽና በካፋ በአንድ ዓመት! ይህን ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ።) ቪቫልዲም «አራቱ ወቅቶች» የተባሉትን ኮንቸርቶዎች ያሳተመው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። እኛ ይህን ሙዚቃ የባለጸጋ ፈረንጅ ሙዚቃ አድርገን ነው የምናየው፤ ሻማ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ቤተ መንግሥት። አንቶኒዮ ቪቫልዲ ግን (ቄስ ነበር፤ በፀጉሩ ቅላት «ቀዩ ቄስ» ይሉታል) እ.ኤ.አ. በ1703 ቬኒስ ውስጥ የተቀጠረው ተጥለው የተገኙ ሕፃናት በሚያድጉበት «ፒዬታ» በተባለ ቤት ነው። ቫዮሊን ያስተማረው እዚያ ያደጉትን ልጃገረዶች ነው። ብዙዎቹን ኮንቸርቶዎቹን የጻፈው ለእነሱ ነው። ሰው እንዳያያቸው ከፍርግርግ ጀርባ ሆነው ሲጫወቱ፣ ለመስማት ከሩቅ አገር ድረስ ይመጣ ነበር። ከሁሉ የላቀችው ቫዮሊን ተጫዋች የአባት ስም የላትም፤ «አና ማሪያ የቫዮሊኗ» ነው የምትባለው። አባቷ ቫዮሊኑ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ደስ አላቸውና አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ተሰማ። በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ብዙ ሙዚቀኛ አፈሩ። እንግዲህ የቬኒሱም የእኛም ኦርኬስትራ ወላጅ ባጡ ልጆች እጅ ቆመ። የማን ሙዚቃ ነው ብላችሁ ጠይቁኝና፣ የእነሱ ነው እላችኋለሁ።

የመርሳቱም ነገር ያመሳስለናል። ቪቫልዲ እ.ኤ.አ. በ1741 ቪዬና ውስጥ በድህነት ሞተ፤ ቀስ በቀስም ስሙ ተረሳ። የእጅ ጽሑፎቹ ክምር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ይዞት የነበረው ገዳማዊ ትምህርት ቤት ሊሸጠው ነበር! እንዳይበታተን ገዝተው ለቱሪን ቤተ መጻሕፍት የሰጡት ሁለት አባቶች ናቸው፤ አንዱም ሌላውም ለሞተ ልጃቸው መታሰቢያ። ከዚያ ሸክላው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1955 «ኢ ሙዚቺ» የተባሉት ጣሊያኖች የቀረጹት «አራቱ ወቅቶች» ዓለምን አዳረሰ። የአባባም ሸክላ የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው።

እኛስ? በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት፣ በአዋጅ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠውን ሸክላ የማሳተም መብት ተዳፍሮ «አምሃ ሪከርድስ»ን ከፈተ። አገር ጥሎ እስኪሄድ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 አልበም አወጣ። ያንን ዘመን ሰብስቦ ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ለዓለም ያስደመጠው ግን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ይመስገን፤ እኛ ግን ዕቃው ቤታችን እያለ እንግዳ እስኪያቃናልን ድረስ መጠበቃችን ያሳፍራል።

አየር ላይ የሚቀር ነገር ነው ሙዚቃ። የሚያተርፈው አንድ የሚያስቀምጥ ሰው ነው፤ ልጁን የቀበረ አባትም ይሁን፣ አባቷን የቀበረች ልጅ። ስለዚህ አደራ፣ እቤታችሁ አልጋ ሥር ካርቶን ካለ ልዋጩ «ልዋጭ!» እያለ ከመድረሱ በፊት ገልጣችሁ እዩት። ማጫወቻው ቢበላሽም ሸክላው አልሞተም።

ባልዲው አሁንም አለ። ትናንት እማዬ ልብስ ስታጥብበት አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እሷ ጆሮ ላይ ሰካሁላት። ትንሽ ሰማችና እጇን ከሳሙናው አወጣች። «ይህማ የአባትሽ ነው» አለችኝ። «ዝም በይ፣ አሁን ይመለሳል።»

ቸር እንሰንብት!